ቶኒ ይፕ የሚባል ሰው የለም

ባለፈው እሑድ ሲያትል አጠገብ ሬድመንድ ከተማ፣ ልጄ ቤት ለምሳ ተጠርቼ ሄጄ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የልጅ ልጄ ሃያት እጄን ይዛ ወደ ክፍሏ ጎተተችኝ። «እማማ፣ ነይ፣ ላሳይሽ!» አለችኝ። የሸክላ ማጫወቻ ገዝታለች። እኛ ስንት ዘመን ታግለን የተገላገልነውን ዕቃ እነሱ አሁን በክሬዲት ካርድ ይገዙታል! «ቪንቴጅ ነው» ትለኛለች። እሺ ይሁን ብዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ሸክላውን ከካርቶኑ ስታወጣው ያ ሽታ መጣ። የረጠበ ካርቶን፣ አቧራ፣ የሰው ምድር ቤት። መርፌዋን አስቀመጠች። የመጀመሪያው ዘፈን አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፤ ሦስተኛው ጀመረ። ከበሮው ተንገጫገጨ፣ ጊታሩ ጥዝዝ አለ፣ ከዚያ ያ ድምፅ ገባ። ዋናዋ ቃል ጋ ሲደርስ ሸክላው ቋ! ቋ! ቋ! አለና ዋጣት።

«ማነው እሱ?» አልኳት፣ እያወቅኩ።

ካርቶኑን ገልብጣ አነበበችልኝ። ቶኒ ይፕ ይባላል፤ በስድሳዎቹ እዚሁ ሲያትል የዘፈነ ነው፤ የቻይና ተወላጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚታወቅ ነገር የለም።

«ቶኒ ይፕ የሚባል ሰው የለም!» ብዬ ጮህኩ። ልጄ ከሳሎን «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» እያለ ሮጦ መጣ። ምንም አልሆንኩም። ምዬ ስለነበር ይሄን ሁሉ ዘመን አፌን ዘግቼ ኖሬያለሁ፤ እኔን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ያህል እንደሚከብደኝ ያውቃል። አሁን ግን ያስማለኝም፣ የተደበቀባቸውም አልፈዋል። ሶ፣ እናገራለሁ።

ያኔ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ሬድመንድ እንዲህ አልነበረም። ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳና የጥድ ጫካ ነበር፤ ሐበሻ እዚያ ምን ሊሠራ ይሄዳል? እኛ ያለነው በደቡብ በኩል ነው። እኔ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ያገሬን ሰው የጋሼ ልሳኑን ቤት ምድር ቤት ተከራይቼ፣ ሁለት አውቶቡስ እየቀየርኩ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር እሠራ ነበር። ሰው የሰጠውን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው፤ የኔ ሥራ ጓዳ ቁጭ ብዬ መለየት ነው። ልብስ ወደ ልብስ፣ ሳህን ወደ ሳህን፣ ሸክላ ወደ ሸክላ። የወንድ ካፖርት ሁለት ዶላር፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት የሴት ጃኬት ዶላር ከሃምሳ፣ ሹራብ ሰባ አምስት ሳንቲም፣ አንድ ዘፈን ፊትና አንድ ዘፈን ኋላ ያላት ትንሿ ሸክላ አሥር ሳንቲም። አሁን ሃያት አንዷን በሃያ አምስት ዶላር ገዛሁ ስትለኝ ሳቄ መጣ። እኔ ራሴ ከላይ እስከ ታች የምለብሰው ከዚያው ነበር። አንድ ቢጫ ካፖርት ነበረችኝ፣ ቁልፎቿ ብስኩት የሚያካክሉ፤ በዝናብ ስትረጥብ በግ በግ ትሸታለች። በዚያች ካፖርት የስንት ሰው ሠርግ ሄጃለሁ መሰላችሁ! ሱቁ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ጥርስ ሐኪም ገብቶበታል። ባለፍኩ ቁጥር ግን ዓይኔ የጓዳውን በር ይፈልጋል።

ዌይንን የተዋወቅኩት እዚያ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ፈረንጅ። ሁልጊዜ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። ልብስ አያይም፣ ሳህን አያይም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ትንንሾቹ ሸክላዎች ነው። በባትሪ የምትሠራ፣ እንደ ምሳ ዕቃ እጀታ ያላት ማጫወቻ ይዞ ይዞራል። ምንድን ነው የምትፈልገው ስለው «ጋራዥና ሶል» አለኝ። እኔ ጋራዥ የማውቀው መኪና የሚጠገንበትን ነው፤ ሶል የማውቀው የጫማ ነው። ይሄ ምስኪን መካኒክና ጫማ ሰፊ አጥቶ ነው የሚንከራተተው ብዬ ስንት ቀን አዝኜለታለሁ! በኋላ ነው የገባኝ። በስድሳዎቹ የዚህ አገር ጎረምሶች በየቤታቸው መኪና ማቆሚያ ተሰብስበው ጊታር ይቀጠቅጡ ነበር፤ ጥቁሮቹ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ይዘውት የወጡትን ዜማ የፍቅር ያደርጉት ነበር። ገንዘብ አዋጥተው ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ሸክላ ያሳትሙና በዚያው ይረሳሉ። የዌይን ሥራ እነዚያን የተረሱትን ማሳደድ ነው። ማን ዘፈነው፣ የት ተቀረጸ፣ ከበሮ የመታው ልጅ አሁን የት ነው ያለው። ዘፈኑ አልቆ መርፌዋ ባዶውን የምትዞርበት ቦታ ላይ በጥፍር የተጫረች የምትመስል ቁጥር አለች፤ እሷን በማጉያ መነጽር አንብቦ የት እንደታተመ ይነግርሻል። የስልክ ማውጫ ይዞ ስሙ የተመሳሰለ ሰው ሁሉ ጋ ኮል ያደርጋል። ፖሊስ እንኳ እንደሱ አይመረምርም።

ከሁሉም ያንገበገበው ግን አንድ ሸክላ ነበር። መሐሉ ላይ የተለጠፈችው ክብ ወረቀት በእንግሊዝኛ «ይፍ ቶኒ» ብቻ ነው የምትለው። ዘፈኑ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ እሱ ሊለየው ያልቻለ ቋንቋ ነው። እሱ ያለው ቅጂ ደግሞ የተጫረ ነው፤ አዝማቹ ጋ ሲደርስ ቋ ቋ ብሎ ቃሉን ይውጠዋል። እና ዌይን ምን ብሎ ደመደመ? «ይፍ ቶኒ» የሰው ስም ነው፤ አሳታሚው ተሳስቶ እንጂ «ይፕ ቶኒ» ማለቱ ነው፤ ይፕ የቻይና ስም ነው፤ ቻይናዎች ደግሞ የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ። ስለዚህ ቶኒ ይፕ የሚባል ቻይናዊ ሶል ዘፋኝ ነበር! ዓመታት ፈለገው። ማውጫው ላይ ያሉትን ይፖች አንድ ሳያስቀር ደወለላቸው። ቻይናታውን ሄዶ አንድ ሽማግሌ ባለሬስቶራንት ቢያሰማቸው «ይሄ ቻይንኛ ከሆነ እኔ ቻይናዊ አይደለሁም» አሉት። አሁን እነዚያን የተረሱ ዘፈኖች ሰብስቦ በአንድ ትልቅ ሸክላ ሊያሳትማቸው ነው፤ የቶኒ ይፕን ግን ንጹሕ ቅጂ አላገኘም። «ሰዓዳ፣ አንቺ ካገኘሽልኝ ሴት ልጅ ስወልድ በስምሽ ነው የምጠራት» ይለኛል። እኔ ግን ሸክላውን አሰማኝ ብዬው አላውቅም። የቻይና ዘፈን ምን ያደርግልኛል?

በዚያው ሰሞን ቤታችን እንግዳ ነበር። የጋሼ ልሳኑ አባት መሪጌታ ፍሥሐ በስንት ደጅ ጥናት ከአገር ወጥተው ለዓይን ሕክምና መጥተዋል። ዕድሜያቸውን ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ ቅስናም አላቸው። አንዱ ዓይናቸው ድሮውንም ጠፍቷል፤ ሌላኛው ሞራው ተገፎለት በፋሻ ታስሯል። ጋሼ ልሳኑ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ፣ እሱ በሌለበት ሰዓት ጠብታ የምጨምርላቸው እኔ ነኝ። እኔ የደሴ ሙስሊም፣ እሳቸው የጎጃም ቄስ! «አንቺ ሰዓዳ፣ ዛሬ ጾም ነው አይደል?» ሲሉኝ «የእርስዎ ነው የኔ አባ?» እላቸዋለሁ፤ ከትከት ብለው ይስቃሉ። ጆሯቸው ግን ጉድ ነው። በደጅ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሰምተው «ይሄን የሚነዳው ልጄ አይደለም» ይላሉ።

ከልጃቸው ጋር ግን አያወሩም። አይጣሉም፤ ብቻ አያወሩም። «ደኅና አደሩ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» በቃ። ጋሼ ልሳኑ አርባን ተሻግሮ አላገባም። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይመለሳል። ሲያፏጭ እንኳ ሰምቼው አላውቅም። እሳቸው ሊመለሱ አሥር ቀን ቀርቷቸዋል፤ ከሰማንያ አልፈዋል፤ ሁለተኛ እንደማይገናኙ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። ያንን ዝምታ ይዤ ነበር በየቀኑ አውቶቡስ የምሳፈረው።

አንድ ማክሰኞ የሞተች አሮጊት ቤት ዕቃ በጭነት መኪና መጣ። ተማሪ እያከራየች የኖረች ሴት ናት አሉ። ከአንድ ሻንጣ ሥር ቴምብር የሌለው ቡናማ ፖስታ አገኘሁ። ላዩ ላይ በአማርኛ ተጽፎበታል። በአማርኛ! ዋይት ሴንተር፣ ጓዳ ውስጥ! «ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ፍሥሐ» ይላል፤ ከሥሩ አነስ ብሎ፣ «ልጅዎ ልሳኑ»። ውስጡ አንድ ትንሽ ሸክላ። ገልበጥ አድርጌ ባየው፣ «ይፍ ቶኒ»።

ያ ረቢ! ጓዳ ውስጥ ዕቃ መሞከሪያ የምናደርጋት ማጫወቻ ነበረች፤ መርፌዋን አስቀመጥኩ። ጭረት የሚባል የለበትም። አዝማቹ ላይ ቃሏ ወለል ብላ ወጣች። «ይፍቱኝ።» ደሴ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቄስ ባገኙ ቁጥር ጎንበስ ብለው «አባ ይፍቱኝ» ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ እንዴት ይጠፋኛል? ቶኒም የለም፣ ይፕም የለም። አሳታሚው በስልክ «ይፍቱኝ» ሲሉት «ይፍ ቶኒ» ብሎ ጽፎ ነው። ዌይን ደግሞ የፍቅር ዘፈን ነው እያለ ይምላል። በአንቱ የሚለመን ፍቅረኛ የት አገር አለ? ይሄ ልጅ አባቱን ሲለምን ነው። «ይፍቱኝ፣ እንደታሰርኩ ባሕር ተሻገርኩ» ይላል። እንባዬ መጣ፣ ከዚያ ወዲያው ፈጠን ብዬ፣ እኔ መቼስ ምላሴ አያርፍም፣ ለዌይን ኮል አደረግኩና «ዕቃህ ተገኘ፣ ንጹሕ ነው» አልኩት። ይሄን ያህል ችኮላ ምን አመጣው? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

በማግስቱ የጋሼ ልሳኑን አውቶቡስ ጠብቄ ተሳፈርኩ። መጨረሻው ፌርማታ ደርሶ ሰው ሁሉ እስኪወርድ ከኋላው ተቀመጥኩ፤ ሞተሩን ሲያጠፋ ፖስታውን አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የት አገኘሽው?»

ነገርኩት። መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ለትምህርት ከአገር ሊወጣ ሲል በስንብቱ ግብዣ ላይ ዘፈነ። አባቱ ሰሙ። በሰው ፊት ተነሥተው «ይሄ ድምፅ ለመቅደስ ነው የተሰጠህ፤ ከዛሬ ጀምሮ ብትዘፍን ውግዝ ከመ አርዮስ!» ብለው ገዘቱት። እኔ የእነሱን ሥርዓት ጠንቅቄ አላውቅም፤ እሱ እንደነገረኝ ግን ግዝቱን ያፈረሰ፣ የገዘተው ካልፈታው ቁርባን የለውም፣ በቤተ ክርስቲያን ጋብቻ የለውም፣ ሲሞትም ፍትሐት የለውም።

«እዚህ መጥቼ አንድ ቤት አብረውኝ ከተከራዩ ልጆች ጋር አንድ ዘፈን ዘፈንኩ» አለኝ። «አንድ ብቻ። እንዲፈቱኝ የሚለምን። ሞኝነቴን አየሽ? በዘፈን የታሰርኩትን በዘፈን ፍቱኝ አልኩ! ሸክላው ታትሞ ሲመጣ ቃሏ እንኳ ተበላሽታለች። ደነገጥኩ። ፖስታ ቤቱ በር ድረስ ወስጄ መለስኩት፣ በኋላም ከተከራየሁበት ቤት ጥዬው ወጣሁ።»

«አሁን እኮ ቤትህ ተቀምጠዋል! ለምን አትነግራቸውም?»

«አልጠየቁኝም። ዘፈንክ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።»

«አንተስ አፍ የለህም?»

«ሰዓዳ!» ጮኸብኝ፤ ጮኾብኝ አያውቅም። «ግዝቴን ማፍረሴን ሳያውቁ ይሂዱ። በኀዘን ይሞቱብኛል። ስበሪው። ለአባቴ አንዲት ቃል እንዳትናገሪ። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልኩ። ምን ልበል? መንገደኛ በሩን እያንኳኳ ነው።

አልሰበርኩትም። የቢጫ ካፖርቴን ገበር ተርትሬ ውስጡ ሸጎጥኩት። ስቀመጥ እንዳይሰበር ቀጥ ብዬ ነው የምቀመጠው። በማግስቱ ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ከምሳ በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ዌይን ነው። ያቺን ማጫወቻውን አንጠልጥሎ፣ ጸጉሩ ላይ ዝናብ እያንጠባጠበ። በአሥር ሰዓት ስቱዲዮ ገብቶ የመጨረሻውን ቅጂ ማስረከብ አለበት፤ እዚያው በሩ ላይ እጁን አጣምሮ «ፕሊስ ሰዓዳ፣ አንዴ ልስማው፣ ንጹሕ ከሆነ ይዤው ልሂድ» ይለኛል። ከኋላዬ ሶፋው ላይ መሪጌታ በፋሻቸው ተቀምጠዋል። «ማነው የመጣው?» አሉኝ።

እንግዲህ እዚያ ላይ ነው። ወደ ምድር ቤት ይዤው መውረድ እችል ነበር። ሸክላውን በሩ ላይ ሰጥቼው መሸኘትም እችል ነበር። በውስጤ፣ አልናገርም ነው ያልኩት፤ አላጫውትም አላልኩም፣ አልኩ። ለአላህ የሚቀርብ ክርክር እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። «ሙዚቃ የሚሰበስብ ልጅ ነው አባ፤ አንዴ ያሰማና ይሄዳል» ብዬ ሳሎን አስገባሁት።

ሸክላውን ከነፖስታው ከካፖርቴ ገበር አወጣሁት፤ ዌይን ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ መርፌዋን አስቀመጠ። ከበሮው ጀመረ። መሪጌታ ፊታቸውን አኮሳተሩ። ጊታሩ መጣ። ከዚያ ድምፁ ሲገባ በመቋሚያቸው ላይ የነበረው እጃቸው ቆመ። ዌይን ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል፣ ያለቅሳል፤ ስንት ዓመት የተዋጠችበት ቃል ወጣችለት። እኔ የማየው እሳቸውን ብቻ ነው። ከፋሻው በታች ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዘፈኑ አለቀ፣ መርፌዋ ባዶውን መዞር ጀመረች።

«እንደገና» አሉ።

ዌይን ቋንቋው ባይገባውም ገባው፤ ደገመው። ሁለተኛውም አለቀ። ይቆጣሉ፣ ይረግማሉ፣ ደረታቸውን ይዘው ይወድቃሉ፣ ያላሰብኩት የለም።

«ዜማው አራራይ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ያስተማርኩት ነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቸኩሏል። ልጅ እያለም ይቸኩል ነበር።»

«አባ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም ብዬ ምያለሁ» አልኩ።

«ማን ጠየቀሽ?»

አንገቴን ደፍቼ፣ አይዞሽ እንዲሏት የምትጠብቅ ተማሪ መስዬ ቆሜአለሁ። ከዚያ፣ «ይፍቱኝ ይላል አባ» አልኩ፣ ያልሰሙ ይመስል። «እየለመነ ነው።»

«ሰማሁ። ሸክላ ግን ንስሐ አይገባም ልጄ።» እጃቸውን ዘረጉ። «በምን ተጠቅልሎ ነው የመጣው?»

ፖስታውን ሰጠኋቸው። በጣታቸው ዳበሱት። «አንብቢልኝ» አሉኝ። ማንበብ መናገር አይደለም ብዬ አነበብኩ። «ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ፍሥሐ።»

«ታዲያ የኔ ነዋ» አሉ። «ዘገየ እንጂ ደረሰኝ።» ሸክላውን አምጪ ብለው ተቀበሉኝ፣ ፖስታው ውስጥ አስገቡት፣ ጋቢያቸው ሥር አደረጉት። ዌይን አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እንዲህ ገርጥቶ አየሁ። ስቱዲዮ ይጠበቃል፣ ንጹሑ ቅጂ ያ ብቻ ነው። «ቢያንስ ማን እንደዘፈነው ንገሪኝ» አለኝ በሩ ላይ። አልነገርኩትም። በተጫረው ቅጂ አሳተመው፤ ቶኒ ይፕ ተብሎም ቀረ። ሁለተኛ ሱቁ መጥቶ አላየሁትም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አላልፍ አሉኝ። ጋሼ ልሳኑ በዚያው ማታ «ሰበርሽው?» አለኝ በሹክሹክታ። «የኔ እጅ ላይ የለም» አልኩት። እሱ አመነ፣ እኔ ግን ሳልተኛ አደርኩ። መሪጌታ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቁርስ ይቀርባል፣ ይባርካሉ፤ ልጃቸው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ እግሩ ኮቴ ያዞራሉ፣ ይጠብቃሉ፤ እሱ «ደኅና ዋሉ?» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። እሱ እንዲጠይቁት ይጠብቃል፣ እሳቸው እንዲናገር ይጠብቃሉ፣ እኔ መሐል ላይ በወላሂ አፌ ተሰፍቶ ሳህን አነሣለሁ። መጮህ አማረኝ! ፋሻው የተፈታ ቀን መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው። ጎንበስ አድርገው ብዙ አዩት። «ሸብተሃል» አሉት። ሌላ ምንም።

የሚሄዱበት ቀን ኤርፖርት የሄድነው ሦስታችን ብቻ ሆነን በጋሼ ልሳኑ መኪና ነው። ያኔ ሸኚ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ አብሮ ይገባ ነበር። መንገዱን ሁሉ የዝናብ መጥረጊያው ወዲያና ወዲህ ይላል። ፍተሻው ጋ የጨርቅ ቦርሳቸው በማሽኑ ውስጥ አለፈና ፈታሹ ለየው። ወፍራም፣ ቀይ ፊት ያለው፣ ክፉ ያልሆነ ሰው። ከፈተው። ዳዊት አወጣ፣ መቋጠሪያ ጨርቅ አወጣ፣ ከሥሩ ቡናማውን ፖስታ መዝዞ ሸክላውን በሁለት ጣቱ አነሣው።

ጋሼ ልሳኑ አየው። ወደ እኔ ዞረ። ያ ዓይኑ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ፈታሹ፣ ጋሼ ልሳኑን እያየ። «ሽማግሌውን ጠይቅልኝ፤ የሳቸው ነው?»

ጋሼ ልሳኑ ወደ አባቱ ዞረ። «አባቴ… ይሄ ምንድን ነው፣ የእርስዎ ነው ወይ፣ ይላሉ።»

«የልጄ ደብዳቤ ነው በለው» አሉ መሪጌታ።

ጋሼ ልሳኑ መለስ ብሎ በእንግሊዝኛ «ከልጃቸው የተላከ ደብዳቤ ነው» አለ። ከኋላችን ሰልፉ እየረዘመ ነው፤ አንዲት ሴትዮ ሰዓቷን ታያለች።

ፈታሹ ገልበጥ አድርጎ አየና ፈገግ አለ። «ደብዳቤ? እና ምን ይላል?» እንዲሁ ለጨዋታ ነው የጠየቀው።

«ምን አለ?» አሉ መሪጌታ።

«ምን ይላል… ምን ይላል ነው የሚሉት።»

«እኔም ልስማው። ምን ይላል?»

ጋሼ ልሳኑ ጠጋ አላቸው። «ይፍቱኝ… ይፍቱኝ ይላል፣ አባቴ።»

«ሸክላው ይላል» አሉ። አንዷ ዓይናቸው ጥርት ብላ ፊቱ ላይ ተተክላለች። «አንተስ?»

ያኔ ወደቀ። እዚያው፣ ሻንጣና ቦርሳ መሐል፣ የሹፌር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ይፍቱኝ አባቴ!» ሲል ድምፁ ያ የሸክላው ድምፅ ነበር፤ አልደነቆርኩም፣ ራሱ ነበር። ሴትዮዋ ሰዓቷን ማየት ተወች። መሪጌታ ጎንበስ ብለው መስቀላቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ፣ ግእዙን አነበነቡ፣ ረዘም አድርገው፣ አንዳች ሳይቸኩሉ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት መጨረሻ ላይ። ፈታሹ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሸክላውን ቀስ ብሎ ፖስታው ውስጥ መለሰው፣ ቦርሳውን ዘጋላቸው። «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ይሂዱ» አለ በዝቅታ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጋሼ ልሳኑ አንዴም አልተቆጣኝም። ስካይዌይ ልንደርስ ስንል፣ «ለዚያ ፈረንጅ ስሜን እንዳትነግሪው» አለኝ። «ቶኒ ይፕ ነው የዘፈነው። እኔ ደብዳቤ ነው የጻፍኩት።» ደግሞ ወላሂ አስባለኝ። ከዚያ በኋላ ቆረበ፣ አገባም፤ አውቶቡስ ሲነዳ ሲያፏጭ ሰማነው ያሉኝ ብዙ ናቸው። አምና ሲሞት ከቤተ ክርስቲያኑ ውጪ በዝናቡ ቆሜ ፍትሐቱ ሲደረግለት ሰማሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ደስም አለኝ።

ይሄን ሁሉ ለሃያት ነገርኳት። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። አፏን ከፍታ ሰማችኝና መርፌዋን መልሳ አዝማቹ ላይ አስቀመጠች። ቋ! ቋ! ቋ! «ሶ፣ እዚህ ጋ ነው ቃሏ ያለችው? ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ይፍቱኝ።»

«ይፍ ቶኒ?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ቶኒ አይደለም! ኝ በይ፣ በአፍንጫሽ። ይፍ-ቱኝ።» ልጅቷ አትለቅም፤ ምላሷን እያጠማዘዘች፣ እየሳቀች፣ አሥር ጊዜ ሞከረችው። በአሥራ አንደኛው ጥርት አድርጋ፣ ዓይኔን እያየች «ይፍቱኝ» አለችኝ።

«ይፍታሽ» አልኳት ሳላስበው።